አያ ተገኘ አልቀመጥም ያሉበት ገደል

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ቂርያት መናሔም ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እስከ ዛሬ ወደ በረንዳ የምወጣው ልብስ ለማስጣት ብቻ ነው፤ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ። የታች ቤት ጎረቤቴ ካልሲ ገዝታ አታውቅም፤ ከእኔ በረንዳ የሚወርደው ለእሷም ለባሏም ይበቃል። አሳንሰር ውስጥ አልገባም። የከተማው ባቡር በሩን ሲዘጋ ይነክሰኛል ብዬ ቀሚሴን በሁለት እጄ ሰብስቤ ነው የምቆመው። ባቡሩ እስካሁን ነክሶኝ አያውቅም፤ እሱ ግን የሚያሳየው መጠንቀቄን ነው።

እግዜር ደግሞ ጨዋታ ይወዳል መሰለኝ፣ ለእንዲህ ያለች ሴት ገደል የምትወጣ ልጅ ሰጣት።

ያዔል ትባላለች፤ አንዲት ናት ያለችኝ። ነገሩ የጀመረው ገና አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። እኔ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት ቤት እሠራለሁ፤ አበስላለሁ፣ አጸዳለሁ፣ አሁን አሁን መድኃኒታቸውንም እሰጣለሁ። ያኔ አሮጊት አልነበሩም፤ አብረን ነው ያረጀነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ረጅም የድንጋይ ግንብ ነው፣ ከአንደኛው ግንብ ጀርባ የሐበሾቹ ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ። በር ላይ የሚቀመጡ አንድ መነኩሴ አሉ። እሳቸው በክርስትናቸው እኔ በአይሁድነቴ ነን፣ ግን የደምቢያ ሰው ናቸውና ስንገናኝ ስለ ደምቢያ ጭቃ እናወራለን። ጭቃ እንዲህ እንደሚናፈቅ ማን ያውቅ ነበር?

እና እኔ ወለል ስወለውል ልጄ ግንብ ትወጣለች። ድንጋዩ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፤ ጣቷን ታስገባና እንደ እንሽላሊት ሽቅብ ትላለች። መነኩሴው ይጮሃሉ።

«አንቺ እመቤት! ነይ ውሰጃት! ልጅሽ በግንብ በኩል ወደ እኛ ልትገባ ነው!»

መጥረጊያዬን ጥዬ እሮጣለሁ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጎትቼ አወርዳታለሁ፣ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ። በማግስቱ እንደገና።

አደገች። ወታደርነቷን ጨርሳ ወጣች። ባለፈው በጋ «እማ፣ ሥራ አገኘሁ» አለችኝ። «ለጊዜው ነው፣ ሦስት ሳምንት። የልጆች ካይታና።» ካይታና ማለት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች የሚውሉበት የእረፍት ሰፈር ነው፤ ወረቀት ይቆርጣሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ሙጫ ያስነካሉ። ልጄ ወረቀት ስትቆርጥ ታየኝና መረቅኳት። ደስ ብሎኝ ለታች ጎረቤቴ፣ ለዚያችው ለካልሲዋ፣ ነገርኳት።

እሷ ደግሞ ስልክ ላይ የማታገኘው ነገር የለም። በሁለተኛው ቀን በሬን አንኳኳች። «ልጅሽን አየኋት» ብላ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። ግራጫ ገደል ነው። ገደሉ መሃል አንዲት ነጥብ አለች። ጎረቤቴ በሁለት ጣቷ ነጥቧን ሰፋ አደረገቻት፤ ክንድ አወጣች። አሁንም ሰፋ አደረገቻት፤ ልጄን ሆነች።

ደወልኩላት።

«ያዔል፣ ወረቀት ነው የምትቆርጪው?»

«ልጆችን ገደል መውጣት ነው የማስተምረው። እማ፣ አትጨነቂ፣ ገመድ አለ» አለች።

«ገመዱን ማን ይይዘዋል?»

«ሰው።»

«ሰው! ሰው ስልክ ይደወልለታል! ሰው ያስነጥሰዋል!»

«እማ፣ እሑድ ልጆቹ የሚመጡበት የመጀመሪያ ቀን ነው። አለቃው ያየኛል። ጥሩ ከሆነ ከእረፍቱ በኋላም ያስቀሩኛል። ጥሩ ካልሆነ፣ ሌላ ሰው አለ። እባክሽ እሑድ አትደውዪ።»

አልደወልኩም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ሽማግሌ ነው የላክሁባት።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ዘንድ ነገር ሲጠና ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ሲመጣ ተቀመጡ ይባላል፤ አይቀመጥም። የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል ቆሞ ይጠብቃል። ሽማግሌን አቁሞ የሚያውል ሰው ደግሞ አገር ያማዋል፤ ስለዚህ ወዶም ሆነ ሳይወድ እሺ ይላል። ለእኔ ጋብቻ የመጡት ከጠዋት እስከ ምሽት ቆመዋል ይባላል፤ አባቴ እሺ ያለው የአንደኛው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አይቶ ነው። ባሌ መልከ መልካም ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር ያገባሁት በጉልበት ምክንያት ነው።

ደንበኛው ቁጥር ሦስት ሽማግሌ ነው። አንዱ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላቸው፤ ስድስት ወር የጠበቁት ነው። ሁለተኛው ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። የቀሩት የጊሎ ሰፈሩ አያ ተገኘ ናቸው። ሰባ ካለፉ ቆይተዋል፤ ባርኔጣ፣ ዱላ፣ ጭራና አንዲት ነጭ መኪና አላቸው፤ አራቱም እኩያሞች ይመስላሉ።

«አያ፣ ብቻዎን ይበቃሉ?» አልኳቸው በስልክ።

«ንግግር ከሆነ ሰው ጨምሪ» አሉ። «ቆሞ መዋል ከሆነ እኔ ለሦስት ነኝ።»

እሑድ ጠዋት አሮጊቷን ቁርስ አብልቼ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ስወጣ አያ ተገኘ መኪናዋን ይዘው ኢትዮጵያ መንገድ ገብተዋል። ገብተው ደግሞ በግንቡና በቆሻሻ ገንዳው መካከል ተቀርቅረዋል። መነኩሴው ከበራቸው ተነሥተው «ወደ ኋላ! ትንሽ ወደ ፊት! ቁሙ! ኧረ ቁሙ!» እያሉ ይመሯቸዋል።

«ወዴት ናችሁ በጠዋት?» አሉኝ መነኩሴው።

«ያዔልን ከገደል ላስወርዳት።»

ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። «ከግንብ ወደ ገደል አደገች በይኛ። ያኔ ወደ እኛ ትግባ ብልሽ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ እዚህ ደረጃ አለ።»

ሽማግሌ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ጎራ አልንና አያ ተገኘ ሐብሐብ ይገዛ አሉ። የሐብሐብ ክምሩን ከዳር እስከ ዳር እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን እየለጠፉ እንደ ሐኪም መረመሩት። ነጋዴው «ሳባ፣ ልታገቡት ነው ወይስ ልትበሉት?» ብሎ ጮኸባቸው። ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። በመጨረሻ ሕፃን ልጅ የሚያክል መረጡ። ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥነው።

«አያ፣ በቀበቶ እንሰረው» አልኩ።

«ሰው ነው እንዴ?»

መንገዱ ሌላ ሰው ሲነዳ አርባ ደቂቃ ነው። አያ ተገኘ ሲነዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከኢየሩሳሌም ኮረብታ ወደ ታች የሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ከኋላችን የቆመው መኪና ሰልፍ የሠርግ አጀብ ያስንቃል። ጡሩምባ ይነፋሉ። አያ ተገኘ ሰላምታ መስሏቸው በየተነፋው ቁጥር ጭራቸውን በመስኮት ያወጡና ያወዛውዛሉ። «ዛሬ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል» ይሉኛል። እኔ የበሩን እጀታ ጨብጬ ጸሎት ላይ ነኝ። ሐብሐቡ በየመታጠፊያው ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይንከባለላል። ዱብ። ቀኝ ስንታጠፍ ዱብ። ግራ ስንታጠፍ ዱብ። ዱብ ባለ ቁጥር ልጄ ትታየኛለች።

አንድ ጊዜ የበለስ ዛፍ ለማየት ቆምን። አንድ ጊዜ ደግሞ መንገድ ለመጠየቅ ቆምን፤ ማንም ሰው በሌለበት ቦታ። «ሰው እስኪመጣ እንጠብቅ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰዓት እቆጥራለሁ፤ ልጆቹ ሳይመጡ መድረስ አለብን። ልጆቹ ከመጡ ሥራው ተጀመረ፣ ሥራው ከተጀመረ ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ አየር ላይ ናት።

ደረስን። ጥድ ያለበት ሸለቆ ነው፤ ከጥዱ በላይ ግራጫ ገደል ቆሟል። አሁን ሰዎች አራት ፎቅ ያክላል ይላሉ። እኔ ያየሁት ጫፉ ሰማይ ውስጥ ሲገባ ነው። የልጆቹ አውቶቡስ ገና አልመጣም። ተመስገን ብዬ የመኪናውን የኋላ በር ከፈትኩ።

ሐብሐቡ ወጣ። ሊጠብቀኝ አልፈለገም። መንገዱን ይዞ ቁልቁል ወረደ፣ ፍጥነት ጨመረ፣ አንድ ድንጋይ መታና ወደ ላይ ዘለለ፣ ከዚያም ቁምጣ የለበሰ አንድ ሰውዬ እግር ሥር ሄዶ ተፈረካከሰ። ቀዩ ውስጡ ታየኝ።

«አያችሁ!» ብዬ ጮኽኩ። «አያችሁ! እንዲህ ነው የሚሆነው!»

ሰውዬው ከግንባሩ ላይ የሐብሐብ ፍሬ እያነሣ አየኝ። ምን ማየት እንዳለበት አልገባውም። ዱዲ የሚባለው የልጄ አለቃ ማለት እሱ ነው። እንዲህ ተዋወቅን።

«ልጄ የት አለች?» አልኩት በዕብራይስጤ።

በጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ።

ገደሉ አናት አጠገብ፣ ለልጆቹ ገመድ እያበጀች ተንጠልጥላለች። ቁልቁል አየችን። ከዚያ ርቀት እንኳ ፊቷ ሲለወጥ ታየኝ።

«እማ? አያ ተገኘ? ምን ሆናችሁ?»

አያ ተገኘ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ዱላቸውን ተከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ለልመና ነው የመጣነው።»

የእኔ ልጅ አማርኛዋ አጭር ነው፤ ይህችን ቃል ግን ታውቃታለች። «ወይኔ እማ» አለች። «አያ፣ ተቀመጥ… ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም።»

ዱዲ የሚታጠፍ ወንበር ይዞ ሮጠ። አያ ተገኘ በጭራቸው መለሱት። ውኃ አመጣ፤ ቆመው ጠጡ። ጥላ ያለበት ቦታ አሳያቸው፤ ጥላው ውስጥ ሄደው ቆሙ። ዱዲ ወንበሩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞሮ «ወገባቸውን ያማቸዋል?» አለኝ።

«ያዔል፣ ውረጂ!» አልኳት።

«አልችልም፤ ይህ ካላለቀ ልጆቹ አይወጡም። ከምሳ በኋላ እናውራ!»

«ሽማግሌ እስከ ምሳ ልታቆሚ ነው!»

አያ ተገኘ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙኝ። የቤት ጉዳይ ሸለቆ ለሸለቆ እየተጮኸ አይነገርም፣ እሷ መውረድ ካልቻለች እኔ እወጣለሁ አሉ። እኔ የሳቅኩት ቀልድ መስሎኝ ነው። ለካ አያ ተገኘ በልጅነታቸው ስሜን ውስጥ ማር ቆራጭ ነበሩ፤ ከገደል አፋፍ በጠፍር ታስረው እየወረዱ ንብ እየነደፋቸው ማር ያወጡ ነበር። እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ ያንን የጠየቃቸው ሰው የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ የጊሎ ሰው ናቸው ብዬ ነበር የማውቃቸው።

ዱዲ ይህን ስተረጉምለት ዓይኑ በራ። ለስምንት ዓመት ልጆች የተዘጋጀ እንደ ደረጃ የሆነ መውጫ አለ፣ ገመዱን እኔ ራሴ እይዛለሁ አለ። እግር የሚገባበት ወፍራም ቀበቶ አስታጠቃቸው፤ ራሳቸው ላይ ቆብ ደፋላቸው። እኔ ባርኔጣቸውን ያዝኩ፣ ዱላቸውን ያዝኩ፣ ጫማቸውን አውልቀው ሰጡኝ፣ ካልሲያቸውንም ጨመሩልኝ። ልብስ መስቀያ ሆኜ ቆምኩ። ጭራዋን ግን አልሰጡም፤ ቀበቶው ላይ ሻጧት።

ወጡ። እናንተዬ፣ እንደ ፍየል ወጡ! መኪና ሲነዱ ያላየሁትን ፍጥነት ገደል ላይ አየሁት። ከልጄ ጎን አንዲት እግር የምታስቆም ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ ተነፈሱ፣ ጭራቸውን አወጡ። ገደሉ ድምፅ ይመልሳልና የሚሉት ሁሉ ታች ይሰማኛል።

«ያዔል ልጄ፣ እናትሽ እንቅልፍ አጥታለች። ይህን ሥራ ተዪላት።»

«አያ፣ በመጀመሪያ ተቀመጥ።»

«እሺ በይኝና እቀመጣለሁ።»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም። መውረድ ስትፈልግ ገመዱ ላይ ትቀመጣለህ፣ እጅህን ትለቃለህ፣ ዱዲ ያወርድሃል። ሳይቀመጡ መውረድ የለም።»

አያ ተገኘ ወደ ታች አዩ። ወደ ገመዱ አዩ። ወደ ልጄ አዩ።

«ሳይቀመጡ መውረድ የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው እዚሁ ነን» አሉ።

ዱዲ ከታች «ሼቭ፣ ሳባ! ሼቭ!» እያለ ይጮሃል፤ ተቀመጡ ማለቱ ነው። አያ ተገኘ ጭራቸውን ያወዛውዙለታል። ለዱዲ ነገሩን እንደ አቅሜ አስረዳሁት። ጉዳያቸው ካልተፈጸመ አይቀመጡም፣ የእኛ ወግ ነው አልኩት።

«ካልተፈጸመስ?»

«አይቀመጡም።»

«እስከ መቼ?»

ስለ ጋብቻዬና እስከ ምሽት ስለቆሙት ነገርኩት። ገመዱን እንደጨበጠ ላብ አሰመጠው። ሰዓቱን አየ። «የልጆቹ መውጫ እኮ እሱ ብቻ ነው» አለኝ። «ልጆቹ ሊደርሱ ነው። እዚያ ላይ ሽማግሌ ከቆሙ የዛሬው ቀን ተሰረዘ። ከተሰረዘ ደግሞ…» አልጨረሰውም። ወደ ያዔል ተመለከተ።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ትንሽ ዝም ብዬ ብቆም ልጄ ሥራዋን ታጣለች፣ ከገደል ትወርዳለች፣ ቤት ትገባለች። ቀና ብዬ አየኋት። አልተቆጣችም። ያቺን የአምስት ዓመት ፊቷን ነው ያየሁት፤ በቀሚሷ ጫፍ ጎትቼ ከግንብ ሳወርዳት የምታሳየኝን። ባርኔጣውም ዱላውም እጄ ላይ ከበደኝ።

ያኔ አያ ተገኘ ሳይጠየቁ ማውራት ጀመሩ። ሽማግሌ ቆሞ ሲውል ማውራቱ አይቀርም።

«እዚህ ሆኜ ሳይ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ፣ ያዔል? ወደ ሱዳን የወጣን ጊዜ የወረድነው ቁልቁለት። ከዚህ ይከፋል። እናትሽ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። አያትሽ በመቀነቷ ጀርባዋ ላይ ጠፍራ አስራት ነው ያወረደቻት። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።»

«መቀነት ምንድነው?»

«ሴት ወገቧን የምትታጠቅበት ረጅም ጨርቅ። የአያትሽ እግር እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። እናትሽ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ዞር ብላ ምን አለችኝ? ‹አያ፣ እዩኝ፣ ሰማይ ላይ ነኝ› አለችኝ። ትስቅ ነበር።»

እኔ ከዚያ ቁልቁለት የማስታውሰው የእናቴን ማጅራትና ላቧን ብቻ ነው። «እኔ?» ብዬ ጮኽኩ ከታች። «እኔ እንዲያ አልኩ?»

«አልሽ እንጂ! ዝም በይ ብዬ ቆንጥጬሻለሁ!»

ያዔል ቁልቁል እያየችኝ፣ «እማ፣ አልፈራሽም ነበር?» አለች።

«ምን ያስፈራኛል? እናቴ አጥብቃ አስራኝ ነበራ!»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። ልጄም ሰማችው። በዚያች አጭር አማርኛዋ፣ ቀስ ብላ፣ «እማ፣ እነዚህን ልጆች የማስራቸው እኔ ነኝ» አለች።

«ነይ ውረጂና ያን ቋጠሮ አሳዪኝ» አልኳት።

የልጆቹን ገመድ አብጅታ ጨርሳ ነበርና ገመዷ ላይ ተቀመጠች፣ ራሷ እየለቀቀች እንደ ሸረሪት ወረደች። እኔ ልብስ እንደማሰጣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ መሃል ላይ አንዱን ከፈትኩት። እግሯ መሬት ነካ። ቀበቶዋ ላይ ያለውን ቋጠሮ ያዝኩት። እኔ ፊደል ብዙ አልቆጠርኩም፣ ቋጠሮ ግን አውቃለሁ፤ በልጅነቴ ነዶ አስሬአለሁ፣ ጓዝ አስሬአለሁ፣ ልጅ አዝያለሁ። ሳብኩት። እንደገና ሳብኩት። ተንጠለጠልኩበት ማለት ይቻላል። ንቅንቅ አላለም።

«ካሰርሽ በኋላ ታዪዋለሽ?»

«ሦስት ጊዜ።»

ዱዲ ከገመዱ ጋር እንደታገለ፣ «እንደሷ ሦስት ጊዜ የሚያይ ሰው የለኝም» አለ። «ሌሎቹ አንዴ ነው። ከየት እንዳመጣችው እኔ እንጃ።»

«ከፈሪ እናቴ» አለች ያዔል።

በሕይወቴ ሙሉ ስፈራ ማንም አመስግኖኝ አያውቅም። የአያ ተገኘን ካልሲ አጣጠፍኩ።

«እኔን ረሳችሁኝ?» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። «ጉልበቴ ሽምግልናውን ትቶ ሊሄድ ነው!»

ወዲያው የአውቶቡስ ድምፅ ተሰማ። አያ ተገኘ ነገሩን በጭራቸው እየከፈሉ ፈረዱ። ልጅቷ ሥራዋን ትሠራለች። በየቀኑ ሥራ ስትጨርስ ሁለት እግሯ መሬት ላይ ቆሞ የሚታይበት ፎቶ ለእናቷ ትልካለች። እናቲቱ በሥራ ሰዓት አትደውልም፤ ከእንግዲህም በልጇ ላይ ሽማግሌ አትልክም። «ያዔል፣ እሺ?»

«እሺ፣ አያ!»

«አንቺስ?»

ልጆቹ ከአውቶቡስ እየወረዱ፣ ቀና እያሉ፣ ገደል ላይ የቆሙ ጭራ የያዙ ሽማግሌ እያዩ አፋቸውን ይከፍታሉ። ልጄ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላለች። አልዋሽም፤ ፍርሃቱ የትም አልሄደም።

«እሺ ብያለሁ!» አልኩ። «ይቀመጡ፣ አያ!»

«ሰማችሁ? እሺ ብላለች!» አሉ። ባርኔጣውን፣ ዱላውን፣ ጫማውን መሬት ላይ ጣልኩና ከዱዲ ኋላ ሄጄ የገመዱን ጫፍ በሁለት እጄ ያዝኩ። ዱዲ አያስፈልግም አለኝ። ለእሱ አያስፈልገው ይሆናል። አያ ተገኘ እጃቸውን ለቀቁ፣ አየር ላይ እንደ ዳኛ ተቀመጡ፣ ቀስ እያሉ ወረዱ። እልል አልኩ። እልልታ ሰምተው የማያውቁት ልጆች ደግሞ ደስ አላቸውና ምላሳቸውን እያወዛወዙ ተከተሉኝ፤ ሸለቆው ሠርግ ቤት ሆነ።

አያ ተገኘ እግራቸው መሬት ሲነካ ዞረው ገደሉን ከታች እስከ ላይ ገመገሙት።

«ማር የለውም እንጂ ደህና ገደል ነው» አሉ።

ከሐብሐቡ ግማሹ ደህና ነበር። ዱዲ አጥቦ ቆረጠው፤ ልጆቹ በሉት። እኛም ጥቂት ቆይተን ያዔል የመጀመሪያዋን ልጅ ስታስር አየን። አሰረቻት። አየችው። እንደገና አየችው። እኔ አፌ ውስጥ «ሦስተኛ» አልኩ፤ እሷም ሦስተኛ አየችው። ከዚያ መኪና ውስጥ ገባን፤ ስንመለስ የበለሱ ዛፍ ጋ እንደገና ቆምን።

ሦስቱን ሳምንት በየቀኑ እግር ደረሰኝ። አቧራ የነካው እግር፣ ጫማ ያወለቀ እግር፣ አንድ ቀን ደግሞ ከጎኑ ድመት የቆመች። ጎረቤቴ «ይህን ሁሉ እግር ምን ታደርጊዋለሽ?» ትለኛለች። በመጨረሻው ቀን የመጣው ፎቶ ላይ የልጄ እግር በብዙ ትንንሽ እግሮች ተከብቧል፤ ሁሉም መሬት ላይ ናቸው፤ ቆጠርኳቸው፣ አንድም የጎደለ የለም። ከሥሩ «አስቀሩኝ» የሚል ተጽፏል።

በማግስቱ ጠዋት ከአሮጊቷ ቤት ወጥቼ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ ቆምኩ። ያን ግንብ አየሁት። ወደ ግራ አየሁ፣ ማንም የለም። ወደ ቀኝ አየሁ፣ መነኩሴው ብቻ ናቸው። ቀሚሴን ሰበሰብኩ። ጎበጥ ያለችዋን ድንጋይ በጣቴ ያዝኩ፤ አንድ እግሬን አነሣሁ፣ ሌላውንም አስከተልኩ። ከመሬት ሁለት ስንዝር እሆናለሁ። ልቤ ግን ከግንቡ ማዶ ደርሶ ተመለሰ።

«እመቤት!» አሉ መነኩሴው፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ምን ሆነሻል?»

«አባ፣ ይፍጠኑ፣ ከቦርሳዬ ስልኬን ያውጡና እግሬን ፎቶ ያንሡልኝ!»

በጥድፊያ ስላነሡት ፎቶው ትንሽ ደብዝዟል፤ ግን እግሬ መሬት ላይ አለመሆኑ በደንብ ይታያል። ለልጄ ላክሁት። መልሱ ወዲያው መጣ።

«እማ! ሽማግሌ ልላክብሽ?»